ጤና አዳም ወይስ ዋንዛ? ለግቢ ተክል ከመምረጥ በፊት

ግቢው ውስጥ አንድ ነገር ልትከል ብሎ የሚነሳ የከተማ ሰው ሐሳቡ ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገር አያልፍም፤ ለቡናና ለወጥ የሚሆን ሽታ ያለው ቅጠል፣ ወይም ከሥሩ ወንበር አውጥቶ የሚቀመጥበት ዛፍ። ከመጀመሪያው ወገን ጤና አዳምን፣ ከሁለተኛው ዋንዛን እንውሰድ። ሁለቱም አገሬው የሚያውቃቸው፣ በወይና ደጋ ከተሞቻችን የሚለምዱ፣ ችግኛቸውም ተፈልጎ የማይጠፋ ናቸው። የሚጠይቁት ቦታና ጊዜ ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ከዚያም በላይ ቦታቸው ካልታሰበበት አንዱ ሌላውን እንደሚያጠፋው ብዙ ሰው የሚረዳው ከተከለ ከዓመታት በኋላ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ መጀመሪያ የሚወሰነው የዛፉ ቦታ ነው፤ ዛፉ የሚተከለው ከሁለት ዓመት በኋላ ቢሆንም እንኳ። ጤና አዳም ቦታው ካልተመቸው ከቅርንጫፉ ተቆርጦ ሌላ ጥግ ላይ እንደ አዲስ ይጀመራል። ዋንዛ ግን አንዴ ሥር ከሰደደ የግቢው ባለቤት እርስዎ ሳይሆኑ እሱ ነው።

ጤና አዳም የሎሚና የብርቱካን ዘመድ ነው። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው አንዲት ቅጠል ቀንጥሶ ወደ ፀሐይ አንስቶ ይያት። እንደ መርፌ ጫፍ የደቀቁ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ነጠብጣቦች ይታዩታል። ዘይት የቋጠሩ ከረጢቶች ናቸው፤ የብርቱካን ልጣጭ ሲጨመቅ ዓይን ውስጥ የሚፈናጠረው ዘይትም ከእንዲህ ያለ ከረጢት የሚወጣ ነው። ቅጠሉ ገና በእጅ ሲነካ ሽታው የሚነሳው ለዚህ ነው። ተክሉ ከጉልበት እስከ ወገብ ይደርሳል፤ ሲመቸው ከአንድ ሜትር ያልፋል። ቅጠሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አመድማ አረንጓዴ፣ አበባው ቢጫ ነው። የዓመት ተክል አይደለም፤ ሳይደርቅ ለዓመታት ይቆያል፤ ግን ሲያረጅ ግንዱ እየጠነከረ፣ ከሥሩ እየተራቆተ ይሄዳል።

ጥቅሙን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ትርፍ ነው። ከጀበና ቡና ሻጮች ዘንድ ሲኒው ላይ ጣል የምትደረገው ቀንበጥ የእሱ ናት። እርጎና አይብ ውስጥ ይገባል። ፍሬው ደርቆ ከበርበሬ ቅመም ጋር ይፈጫል። ሆድ ቁርጠት ሲነሳ እናቶች መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ እሱ ነው። ከአገር የወጣው ሰውም አልተወውም፤ ብርዱ በሚበረታበት አገር በመስኮት ሥር በማሰሮ ያሳድገዋል። እዚያ ችግኝ መሸጫ ውስጥ የሚገኘው ብዙ ጊዜ የእኛው ሳይሆን የቅርብ ዘመዱ የሆነው የአውሮፓው ዓይነት ነው፤ ሽታው ይቀራረባል። እስራኤል ያሉት ግን ዕድለኞች ናቸው። የእኛው ጤና አዳም መነሻው የሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ስለሆነ እዚያ በየድንጋዩ መሐል ሜዳ ላይ ይበቅላል።

እንክብካቤው ቀላል ነው፤ ግን አንድ የማይደራደርበት ነገር አለ፤ ፀሐይ። በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ካላገኘ ይመነምናል፤ ቁመቱ ይረዝምና ቅጠሉ ይሳሳል፤ ሽታውም ይደክማል። ከፀሐይ ቀጥሎ የሚፈልገው ውኃ የማይቋጥር አፈር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጤና አዳም የሚሞተው በጥማት አይደለም፤ በሐምሌና በነሐሴ ጥቁር አፈር ላይ ውኃ ተኝቶበት ሥሩ በስብሶ ነው። አፈሩ ጭቃ የሚይዝ ከሆነ መደቡን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ አሸዋ መቀላቀል፣ አለዚያም ከታች ቀዳዳ ባለው ማሰሮ ወይም አሮጌ ባልዲ መትከል ይበጃል። በበጋ የላይኛው አፈር ደረቅ ሲል ብቻ ማጠጣት ይበቃል። በየቀኑ የሚያጠጡት ሰዎች ይወዱታል እንጂ አይጠቅሙትም።

ከዘር ማብቀል ይቻላል፤ ግን ዘሩ ይዘገያል። ቁራጩ ይሻላል። ከጎረቤት ካለ ጤናማ ተክል ገና ያልገረጀፈ ቅርንጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ይቆረጣል፤ የታችኛው ግማሽ ቅጠሉ ይራገፋል፤ አሸዋ የበዛበት እርጥብ አፈር ውስጥ ተሰክቶ ጥላ ሥር ይቀመጣል። በጥቂት ሳምንታት ሥር ያበቅላል። አዲስ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር ቀስ በቀስ ወደ ፀሐይ ይወጣል። ያረጀውን ተክል ለመተካትም መንገዱ ይኸው ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ግቢው የገባ ጤና አዳም አያያዙን ለሚያውቅ ሰው አይጠፋም።

አንዳንድ ጊዜ ቅጠሉ በአንድ ሌሊት ተላጭቶ ይገኛል። ጥፋተኛው አባጨጓሬ ነው። ትንሽ ሳለ የወፍ ኩስ ይመስላል፣ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲነኩት ከአናቱ ቀንድ የመሰለ ነገር አውጥቶ መጥፎ ሽታ ይለቃል። ሎሚና ብርቱካን ላይም የሚገኘው እሱው ነው። በእጅ ለቅሞ መጣል ይቻላል። መድኃኒት መርጨት ግን ተገቢ አይደለም፤ ቅጠሉ ነገ ሲኒ ውስጥ የሚገባ ነውና። እኔ ብሆን ሁለት ሦስቱን እተውለታለሁ፤ ከእሱ የሚወጣው ጥቁርና ቢጫ ትልቅ ቢራቢሮ ግቢ ያሳምራል።

አሁን ብዙም ወደማይነገረው ጉዳይ እንግባ። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያርፍበት ያቃጥላል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲገናኝ ቆዳን ይጎዳል። ነገሩ የሚያታልለው ወዲያው ስለማይታይ ነው፤ መቅላቱና ውኃ መቋጠሩ የሚመጣው በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ስለሆነ ሰው ነፍሳት ነክቶኝ ይሆናል ይላል። ሲድን የሚተወው ጥቁር ምልክት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። አንዲት ቀንበጥ ለቡና በመቀንጠስ ይህ አይደርስም። ቁጥቋጦውን በቀትር ፀሐይ እጅጌ ሰብስቦ የሚከረክም ሰው ላይ ግን ይደርሳል። ስለዚህ ክርከማው በማለዳ ወይም ሲመሽ፣ በጓንት፣ ከዚያም በሳሙና ታጥቦ ይሁን። ልጆች በቅጠሉ እንዲጫወቱ አይተዉ። ሌላም አለ፤ ነፍሰ ጡር ሴት ጤና አዳምን እንደ መድኃኒት ቀቅላ ወይም ጨምቃ መጠጣት የለባትም፤ ማሕፀንን ሊያኮማትርና ፅንስን ሊጎዳ ይችላል። የአገር ልማድ ስለሆነ ብቻ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም።

ዋንዛ ሌላ ዓለም ነው። በኢትዮጵያ ከባሕር ወለል በላይ ከ550 እስከ 2,600 ሜትር ባለው ከፍታ ይገኛል። ከ4 እስከ 15 ሜትር ይቆማል፤ በተመቸው ቦታ ከዚያም ይበልጣል። ሰፊ፣ ሻካራ ቅጠልና ክብ አናት ስላለው ጥላው ወፍራም ነው። ክረምቱ ሲያልፍ ነጭ አበባ ለብሶ ንቡን ይሰበስባል፤ የማር አገር ሰው ዋንዛን በአክብሮት የሚያየው ለዚህ ነው። ከአበባው በኋላ የሚመጣውን ቢጫ ፍሬ በገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ይጣፍጣል፣ እንደ ሙጫም ጣት ላይ ይጣበቃል። ጣውላው ደግሞ ለበር፣ ለአልጋ፣ ለሣጥን፣ ለከበሮ የሚፈለግ ነው። ተፈላጊነቱ ስለበዛ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች አንዱ ሆኖ ነበር፤ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከሐበሻ ጥድ ጋር።

ለግቢ ዋንዛን የምመርጥበት ምክንያት ግን ጣውላው አይደለም። ዋንዛ በጅማም በሲዳማም የቡና ጥላ ነው፤ ገበሬው ከእርሻው መሐል ሳይነቅለው የሚተወውም ቅጠሉ ረግፎ አፈር ስለሚያለማ ነው። ከሥሩ ሌላ ተክል ያኖራል። ባሕር ዛፍ ይህን አያደርግም፤ ቶሎ ያድጋል፤ ግን ከሥሩ ያለውን ውኃ ይሻማል፤ ጥላውም ጥላ ለመባል የሚበቃ አይደለም። ለጠባብ የከተማ ግቢ ባሕር ዛፍ የሚተክል ሰው ከአጥሩ ባሻገር ያሉትን ጎረቤቶቹንም ማሰብ አለበት።

ዋንዛም ቢሆን ዕዳ አለው። ፍሬው ሲበስል መሬት ላይ ይፈርጣል፤ ሴራሚክ የተነጠፈበት ግቢ ላይ ያጣብቃል፣ ዝንብ ይጠራል። ከሥሩ የቆመ መኪና ጣሪያው ላይ የሚደርቀውን እድፍ በውኃ ብቻ ማስለቀቅ አይቻልም። በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል፤ የቆርቆሮው አሸንዳ በቅጠል ሲደፈን የመጀመሪያው ዝናብ ውኃውን ወደ ግድግዳው ይመልሰዋል። ሥሩም ስንጥቅ ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ ካገኘ እርጥበቱን ተከትሎ መግባቱ አይቀርም። በእኔ ግምት ከቤቱ መሠረት 5 ሜትር፣ ከአጥሩ 3 ሜትር የማይርቅበት ግቢ ውስጥ ዋንዛ መተከል የለበትም። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር ደግሞ በጭራሽ። ዋንዛ መከርከምን የሚታገሥ ዛፍ ነው፤ ሲቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ገበሬውም አናቱን እየመለመለ ይገራዋል። ግን ሽቦ በነካ ቁጥር ቆራጭ መጥራት አድካሚም አደገኛም ነው።

ከፍታውንም ሳይመለከቱ አይትከሉ። ባሕር ዳር 1,800፣ ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ ለዋንዛ የተመቹ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ግን እንደ ሰፈሩ ነው። ቦሌና ከዚያ በታች ያለው ይሻላል፤ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ከፍታው ከ2,600 ሜትር ስለሚያልፍ ዋንዛ ይቀጭጫል። እዚያ ወይራ ወይም ኮሶ መትከል ይሻላል። ውርጭ የሚመታው የደብረ ብርሃን ሰውም ዋንዛን ይርሳው። ቆላ ለሆነችው ለድሬዳዋ ግን ሰዉ ራሱ መልሱን ካገኘ ቆይቷል፤ በየመንገዱ ያለው ኒም ሙቀቱንም ድርቁንም ይችላል።

ወደ ጥላው እንምጣ። የጥላ ዛፍ ጥቅሙ የት እንደተተከለ ይወሰናል፤ ሰው ደግሞ የሚተክለው ባዶ ቦታ ባየበት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ በአብዛኛው ዓመት የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ጋደል ብላ ትውላለች። በታኅሣሥ 10 ሜትር ቁመት ያለው ዛፍ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን 6 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ፀሐይዋ ከአናት ላይ ስለምትሆን ጥላው ከግንዱ ሥር ይሰበሰባል። በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን አለፍ ትልና ያው ዛፍ ወደ ደቡብ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ያጠላል፤ ያኔ ግን ደመናው ስለሚበዛ ብዙም አይታወቅም። ከሰዓት በኋላ ነገሩ ይለወጣል። ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ጥላው ከዛፉ ቁመት በላይ ረዝሞ ወደ ምሥራቅ ይተኛል።

ከዚህ የሚከተለው ቀላል ነው። ቤት የሚያሞቀው የከሰዓት ፀሐይ ነው፤ በስተምዕራብ ያለ የብሎኬት ግድግዳ እስከ ምሽት የጠጣውን ሙቀት ማታ ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። ስለዚህ ዋንዛ ከቤቱ በስተምዕራብ ቢተከል ግድግዳውንም በረንዳውንም በሚያስፈልግበት ሰዓት ይከልላል። በስተምሥራቅ ቢተከል ግን በታኅሣሥና በጥር ብርድ የሚናፈቀውን የማለዳ ፀሐይ ይወስድብዎታል። ጥላ ሁሉ በረከት አይደለም፤ አዲስ አበባ በበጋ ጠዋት የሚያስፈልጋት ሙቀት ነው።

ጤና አዳምስ? ከዛፉ በስተደቡብ፣ ከቅርንጫፎቹ ጫፍ አራት አምስት ሜትር ፈቀቅ ብሎ። የቀትር ጥላው ወደ ሰሜን፣ የከሰዓቱ ወደ ምሥራቅ ስለሚሄድ ደቡቡ ከሞላ ጎደል ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ያገኛል። በርቀቱ ላይ የሚሳሳቱት ብዙ ናቸው። ዋንዛው ሲተከል ክርን የማያክል ችግኝ ስለሆነ ጤና አዳሙን አጠገቡ መትከል ምንም አይመስልም። ሦስት ዓመት ሁለቱም ያምራሉ። ከዚያ አናቱ ይሰፋል፣ ጤና አዳሙ ወደ ብርሃን አንገቱን እየሰገገ ይቀጥናል፤ ባለቤቱ ውኃ አንሶት ይሆናል ብሎ ያጠጣዋል፤ ጥላ ሥር ያለ እርጥብ አፈር ደግሞ ሥሩን ያበሰብሰዋል። የተተከለው ችግኝ ሳይሆን አድጎ የሚሆነው ዛፍ ነው መለካት ያለበት፤ ከግንዱ ወደ እያንዳንዱ አቅጣጫ ቢያንስ አራት ሜትር የዛፉ ነው ብለው ያስቡ። ከዋንዛው ሥር አንድ ነገር መትከል ካሻዎት የቡና ችግኝ አለልዎ፤ ጥላ የለመደ ነው። ናናም ይችላል።

ዋንዛ ሲተከል የሚፈጸሙ ሁለት ጥፋቶች አሉ። አንዱ ጉድጓዱን በችግኙ ልክ መቆፈር ነው። ግማሽ ሜትር ወርድና ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ከዝናቡ በፊት፣ በግንቦት ይቆፈር፤ የላይኛው ጥቁር አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ ይቀመጥና ሲተከል ለሙ አፈር ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሥሩ ይመለስ። ሁለተኛው ጥፋት የችግኙን ፕላስቲክ ሳያወጡ መቅበር ነው። በችግኝ ተከላ ዘመቻ ቀን ሰው ሲበዛና ጥድፊያ ሲኖር ይህ በዓይን የሚታይ ነው፤ ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ እየተጠማዘዘ ዛፉ ይቀጭጫል። ፕላስቲኩ በምላጭ ተቀድዶ ይውጣ፣ አፈሩ እንዳይበተን በሁለት እጅ ይያዝ፤ ግንዱም ችግኝ ጣቢያ ከነበረበት ጥልቀት በላይ አይቀበር።

የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ችግኝ መትከል የማያውቅ ከተሜ የለም ማለት ይቻላል። ዛፍ የሚለየው ግን ከተተከለበት ቀን ይልቅ በሚቀጥሉት ሁለት በጋዎች ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት በሳምንት ሁለቴ አንድ አንድ ባልዲ ውኃ ያገኘ ዋንዛ ሥሩ ወደ ታች ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ራሱን ይችላል። በየቀኑ በጣሳ ጠብ የሚደረግለት ግን ሥሩን ወደ ላይ ያወጣል። ዙሪያው በደረቅ ሣር ወይም በቅጠል ይሸፈን፤ ፍየልና ውሻ በሚዘዋወርበት ግቢ አጥር ይሠራለት። ከሥሩ ወንበር የሚወጣበት ዛፍ ለመሆን ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ይፈጃል ብሎ መነሳት ነው።

ይህን ያህል ዓመት በአንድ ቤት እኖራለሁ ብሎ መናገር ለማይችል ሰው ምክሬ አጭር ነው። ተከራይ ከሆኑ ጤና አዳምን በማሰሮ ያሳድጉ፤ ዕቃ ሲጫን አብሮ ይጫናል። ዋንዛ መትከል ከፈለጉ ግን ከአከራይዎ ጋር ተነጋግረው ይሁን፤ ባለቤቱ ያልፈለገው ዛፍ እርስዎ በወጡ ማግስት ይቆረጣል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ፀሐይ የሚመታው በረንዳ ካለ ሁለት ማሰሮ ጤና አዳም ለቤቱም ለጎረቤቱም ይበቃል። ከሕንፃው ፊት ያለው መሬት ግን የጋራ ስለሆነ ዛፉ በነዋሪዎች ኮሚቴ ተወስኖ፣ የሚያጠጣው ሰው ተመድቦ ይተከል። ሁሉም የሚቀመጥበት፣ ማንም የማያጠጣው ችግኝ ከጥር አያልፍም።

ከቤቱ ግድግዳ እስከ አጥሩ 8 ሜትር የምዕራብ ቦታ ያለው ሰው ሁለቱንም ይትከል፤ ዋንዛውን በዚህ ክረምት፣ ጤና አዳሙን በደቡቡ ጥግ ዝናቡ ሲያባራ በመስከረም። ያን ያህል ቦታ የሌለው ዋንዛን ትቶ በጤና አዳም ይብቃው። ሜትሩን ይዞ መውጣትና ቦታውን መለካት ግን ችግኝ ከመግዛት ይቅደም፤ ጉድጓዱም በግንቦት ይቆፈር።